የፍሰሐ ሰደርያ

ፍሰሐ የተገኘው በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ጀርባውን ለግንዱ ሰጥቶ፣ እግሮቹን ዘርግቶ ነው። ከሩቅ ላየው ደክሞት ያረፈ ይመስል ነበር። ደረቱ ላይ ያለው ቀዳዳ የሚታየው ሰው ሲጠጋ ብቻ ነው። ዕለቱ ኅዳር 15 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ የነቢያት ጾም የገባበት ቅዳሜ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ከሎረል ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የሕዝብ አደን መሬት ደግሞ የአጋዘን አደን በጠመንጃ የተከፈተበት ቀን ነው።

ሬሳውን ያገኘው የመሬቱ ተቆጣጣሪ፣ ረጅም አሜሪካዊ፣ ፖሊስ ጠርቶ የመኪና ማቆሚያውን በር ዘጋ። ጫካው ውስጥ ከሟች ጋር የገቡት ሦስቱ ሰዎች አማርኛ ተናጋሪዎች ስለነበሩ መርማሪ ሸዋረገድ ተላከች። ሸዋረገድ አርባ አምስት ዓመቷ ነው። አሜሪካ የገባችው በዲቪ ነው፤ አርሊንግተን ውስጥ ስድስት ዓመት የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ ሆና ኖራ ፖሊስ ሆነች። ብዙ አትናገርም።

«አዳኝ ሁሉ እንዲታይ የሚለብሰውን ብርቱካናማ ሰደርያ፣ ቬስቱን፣ አልለበሰም» አላት ተቆጣጣሪው ሬሳውን እያሳያት። «በዚህ ወቅት ያለ ቬስት የሚገባ ሰው አጋዘን መስሎ ቢመታ አይገርምም። አንዱ ከሩቅ ተኩሶ፣ የሠራውን ሲያይ ሸሽቷል።»

«ያውቁት ነበር?»

«በስልክ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲደውልልኝ ነበር። እዚህ ጫካ ውስጥ በቆሎ እየደፋ አጋዘን የሚያለማምድ ሰው አለ። በሕዝብ መሬት ላይ ክልክል ነው። ሟቹ ክምሩን ባየ ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል።»

«ዛሬስ ደወለ?»

«ሁለት ሰዓት ከአምስት ላይ። በቆሎውን የሚደፋውን አወቅኩት አለኝ። ስሙን ግን አልነገረኝም። ‹ሰውየው ራሱ መጥቶ ቢናገር ምን ይደርስበታል?› ብሎ ጠየቀኝ። የመጀመሪያው ከሆነ በማስጠንቀቂያ አልፈዋለሁ አልኩት። ሦስት ተኩል ላይ እዚህ ዛፍ ሥር ልንገናኝ ተቀጣጠርን። ስደርስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት።»

ሸዋረገድ ተንበረከከች። የሟች ጠመንጃ አጠገቡ ካለው ቁጥቋጦ ጋር ተደግፏል፤ ጥይት መጉረሻው ተከፍቷል፤ ጥይቶቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። ጃኬቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ በመቆንጠጫ ነካ ነካ አድርጋ ሦስት ቀጫጭን ክሮች አወጣች። ብርቱካናማ ናቸው። በወረቀት ጠቅልላ ያዘቻቸው። ከዚያ ከግንዱ ላይ ተቆፍሮ የወጣውን የጥይት እርሳስ ተቀብላ መዳፏ ላይ አገላበጠችው። ወፍራም ነው።

«ውሾች ይምጡ» አለች። «ጫካውንም መኪናዎቹንም ይፈትሹ። የምንፈልገው ቬስት ነው።»

ሦስቱ አዳኞች በመኪና ማቆሚያው ዳር ባለችው የእንጨት ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ለጥያቄ መጀመሪያ የቀረበው ሙላቱ ነው። የሟች ሚስት የውብነሽ ታላቅ ወንድም ሲሆን ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

«ከፍሰሐ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል» አለችው።

«እውነት ነው። አምና፣ አደን በሚከለከልበት በእሑድ ቀን ተኮሰ ብሎ ለተቆጣጣሪዎቹ ነገረብኝ። ፈቃዴን ለአንድ ዓመት ያዙብኝ። የእህቴን ባል ሁለት ወር አላናገርኩትም።»

«ይህን ያህል ሕግ ያጠብቅ ነበር?»

«ታክሲ ነጂ ከመሆኑ በፊት አገር ቤት የዱር አራዊት ጠባቂ ነበር። ያው ደሙ ውስጥ ገብቷል።»

«ዛሬ ቬስቱን ለብሶ ነበር?»

«ፍሰሐ?» ሙላቱ ሳቅ ሊል ፈልጎ ፊቱ እምቢ አለው። «ጎህ ሳይቀድ እዚህ ቆመን ሻይ ስንጠጣ ለብሶት ነበር። ተኝቶም የሚያወልቀው አይመስለኝም።»

«ስንት ተኩስ ሰሙ?»

«በወንዙ በኩል አንድ፤ እሱ የሂክማ ነው። በእነ ፍሰሐ በኩል ሁለት። አንዱ አንድ ከአርባ ላይ፣ ሌላው ሁለት ተኩል ግድም። እኔ እንኳን ልተኩስ፣ አጋዘን ዐይኔም አላየ።»

ሸዋረገድ የሙላቱን ጠመንጃ አንሥታ አፈሙዙን አሸተተች። መልሳ አስቀመጠችው።

ሂክማ ኮሌጅ ፓርክ የምትኖር ነርስ ናት። አደን የጀመረችው በራሷ እጅ ባርካ ያረደችውን ሥጋ ለቤተሰቧ ለማብላት ብላ ነው። ከደጅ ያጋደመችው አጋዘን አንገቱ ታርዷል፤ ሆዱ ተከፍቶ በእንጨት ተወጥሯል።

«ያስተማረኝ ጋሼ ፍሰሐ ነው» አለች ዐይኗን እየጠረገች። «ከናይት ሺፍት ወጥቼ ኮል ካደረግኩለት፣ ደክሞኛል ብሎ አያውቅም። ሰው ወደ እሱ ሲመጣ ካየ ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን ያስቀምጣል። ‹ሰው ሲመጣ ጠመንጃ ይተኛል› ነበር የሚለን።»

«ሆዱ ላይ እንጨት ለምን አስገቡበት?»

«ሙቀቱ እንዲወጣ። ተዘግቶ ከዋለ ሥጋው ይበላሻል።»

«ከወንዙ ማዶ ሆነው ተኩስ ሰምተዋል?»

«ሁለት። ሁለተኛው ግን ታፍኖ ነው የተሰማኝ። እንደ ሌላው አላስተጋባም።»

የሷ ጠመንጃ ከሌሎቹ ቀጭን ነው። ሸዋረገድ የሂክማን ጥይት ከራሷ ኪስ ካወጣችው እርሳስ ጋር አስተያየችው።

የመጨረሻው እንዳልካቸው ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ምድር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። የመጣው በፍሰሐ መኪና ነው። ከደጅ ያስቀመጠው አጋዘን ተዘንጥሎ አንጀቱ ወጥቷል፤ ሆዱ ግን በጫማ ማሰሪያ ተጠፍሮ ተዘግቷል።

«ስንቴ ተኮስክ?»

«ሁለቴ። መጀመሪያ መታሁት፣ ሸሸ። ተከትዬ ጨረስኩት።»

«ሆዱን ምን ብለህ አሰርከው?»

«ስጎትተው አፈርና ቅጠል እንዳይገባበት።»

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሬስቶራንት ውስጥ ኩክ ነበርኩ። ሰባት ዓመት ሥጋውን የምይዘው እኔ ነኝ። ወርክ ፐርሚቴ ጊዜው ሲያልፍበት፣ መስከረም ላይ አስወጡኝ።»

«ወረቀትህስ?»

«አሳይለም፣ ማለት ጥገኝነት፣ ጠይቄ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ፍርድ ቤቱ ለጥር ቀጥሮኛል። ባለቤቴና ልጄ አዲስ አበባ ናቸው። ልጄን ለመጨረሻ ጊዜ ሳያት የስምንት ወር ነበረች።» እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ቀበራቸው። «ይህ አጋዘን ክረምቱን የምበላው ነው።»

ሸዋረገድ ደብተሯን ዘግታ ወጣች። ውሾቹ ጫካውን አስሰው ተመልሰዋል። መኪናዎቹም ተበርብረዋል። ቬስቱ የለም። አጋዘኖቹ ወደተጋደሙበት ሄዳ ሁለቱንም ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ቁስላቸውንም ቆጠረች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውብነሽን ከአሌክሳንድሪያ አመጧት። የሆቴል የሥራ ልብሷን አላወለቀችም። ወደ እንጨቱ ቤት ስትገባ በቀጥታ ወንድሟ ፊት ቆመች።

«ሙላቱ፣ አንተ ነህ?»

ሙላቱ አንገቱን ደፋ። «እንዲህ ብለሽ ከጠየቅሽኝ ምን እመልስልሻለሁ?»

«ይቀመጡ፣ ወይዘሮ ውብነሽ» አለች ሸዋረገድ። ተቆጣጣሪው በሩ ላይ ቆመ። ሦስቱ አዳኞች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል።

«ፍሰሐ ሲመታ ቬስቱን ለብሶ ነበር» ብላ ጀመረች። «ጥይቱ የቬስቱን ክር ይዞ ነው ጃኬቱ ውስጥ የገባው። ስለዚህ ቬስቱን ያወለቀው ሌላ ሰው ነው፤ ያወለቀውም ከተኩሱ በኋላ ነው። ለምን ያወልቃል? ከቅርብ ሲተኮስ ባሩዱ ልብስ ያቃጥላል፣ ያጠቁራል። ቬስቱ ከተገኘ ገዳዩ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ እንደነበር ይታወቃል። ከጠፋ ግን አጋዘን መስሎት የተኮሰ የማይታወቅ ሰው አለ ይባላል። ሂክማም ድምፁ ታፍኖ የተሰማት ለዚሁ ነው።»

ወደ አግዳሚው ዞረች።

«ፍሰሐ ጥይቱን አውጥቶ ጠመንጃውን አስቀምጧል። የሚመጣውን ሰው አይቶታል፣ አልፈራውምም። በዚህ ጫካ ውስጥ እንዲህ የሚያምናቸው እናንተ ሦስታችሁ ናችሁ። ሂክማ፣ እርሳሱ በርስዎ ጠመንጃ ውስጥ አይገባም። አቶ ሙላቱ፣ የርስዎ አፈሙዝ ዛሬ ባሩድ አልሸተተም። ቂም ቢኖርዎትም ጥይት አልተኮሱም።»

ውብነሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። ሙላቱ የሚያየው መሬቱን ነው።

«እንዳልካቸው፣ አጋዘኑን ሁለት ጊዜ መታሁት አልከኝ። ቁስሉ አንድ ነው፤ እሱም ልቡ ላይ ነው። እንዲያ የተመታ እንስሳ ሮጦ አይርቅም። ሁለተኛው ጥይት የት ሄደ? ደግሞ ሰባት ዓመት ሥጋ የያዘ ሰው ትኩስ ሥጋ ዘግቶ አያስርም። አንተ ክረምቱን የምትበላውን ሥጋ እንዲበላሽ አደረግከው። ከሥጋው የባሰብህ ነገር ነበር።»

በእጇ ስትጠቁመው ተቆጣጣሪው የእንዳልካቸውን አጋዘን ወደ በሩ ሳበው። ሸዋረገድ ጓንት አጥልቃ የጫማ ማሰሪያውን ቆረጠች። እጇን ወደ ሆዱ ውስጥ ሰድዳ፣ በደም የራሰ፣ የተጠቀለለ ብርቱካናማ ጨርቅ አወጣች። ዘርግታ ብርሃን ላይ ያዘችው። በቀዳዳው ዙሪያ ጨርቁ ጠቁሯል።

«ጫካ ውስጥ ብትጥለው ውሾቹ ያገኙት ነበር። መኪና የለህም። ማንም ሰው እጁን የማያስገባበት ቦታ ይኸው ነበር።»

እንዳልካቸው ጨርቁ ላይ አፍጥጦ መናገር ጀመረ።

«በቆሎውን የምደፋው እኔ ነበርኩ። ጠመንጃውን ጋሼ ነው ያዋሰኝ። ወረቀት አለኝ ብዬ ዋሽቼው ነበር፤ የአደን ፈቃድም የለኝም። ጠዋት አጋዘኑን ጥዬ በደስታ ልጠራው ስመጣ፣ ‹ቦርሳህ ውስጥ በቆሎውን አየሁት፤ ለተቆጣጣሪው ደውያለሁ፣ እየመጣ ነው› አለኝ። ወረቀት የሌለው ሰው ጠመንጃ ይዞ ከተያዘ ከአገር እንደሚባረር አውቃለሁ። ሁለተኛ በቆሎ አልደፋም፣ አትምጣ በለው ብዬ ለመንኩት። ስልኩን አወጣ። ስሜን ሊነግረው መስሎኝ፣ እንዳይደውል ብዬ ጠመንጃውን አነሣሁ። እንዳስቀምጠው ብሎ አፈሙዙን ያዘ። ጣቴ ምላጩ ላይ ነበር።»

«ስምህን አልሰጠም» አለች ሸዋረገድ። «የደወለው ራስህ ብትናገር በማስጠንቀቂያ እንዲያልፉህ ሊለምንልህ ነው። እሺ ብለውት ነበር።»

እንዳልካቸው ተቆጣጣሪውን አየ። ሰውየው ቋንቋውን ባይሰማም ነገሩ ገብቶት በሐዘን ራሱን ወዘወዘ። እንዳልካቸው ከአግዳሚው ላይ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሂክማ ልታነሣው እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

ውብነሽ እስካሁን አላለቀሰችም። «ወዲያው ነው የሞተው?» ስትል ጠየቀችው።

«አይደለም፣ እትዬ።»

«ስንት ደቂቃ ቆየ?»

«አላውቅም። እጄን ይዞኝ ነበር። እስኪለቀኝ ጠበቅኩ።»

«ስልክ ይዘህ ነበር?»

«ይዤ ነበር።»

ውብነሽ ሌላ አልጠየቀችውም። ተነሥታ ወደ ሙላቱ ሄደችና ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ቀና አደረገችው። «ይቅር በለኝ» አለችው። «አሁን የነበረበትን ቦታ አሳየኝ።»

ሸዋረገድ ለእንዳልካቸው ካቴና ስታስገባለት ወንድምና እህት ተደጋግፈው ወደ ጫካው መንገድ ጀምረው ነበር።