አባቷ ጠገብኩ ያለ ዕለት

«እኔ በቃኝ፤ ጠግቤያለሁ» አለ አባቷ፣ ሳህኑን በጣቱ ገፋ አድርጎ።

እናቷ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ሰባት ወር ሙሉ ይህችን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ልብስ ሰፊው ባሏ የሁለት ሰው ድርሻ እየበላ ይከሳል፤ ከገበታ ሳይነሳ ይርበዋል። የገዛ ሱሪውን በገዛ ስፌት መኪናው ሦስት ጊዜ አጥብቧል። ጎረቤት «ምን ዓይነት ሆድ ነው» እያለ ሲያማው ሰምታ አንጀቷ እርር ብሏል።

«ጠገብክ? እውነትህን ነው?» ፊቷ በራ። «ተመስገን። መድኃኒቱ ሠራልን ማለት ነው እኮ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ገና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ግን ክሊኒክ አብራው የምትሄደውም፣ መድኃኒቱን ከፋርማሲ የምታመጣውም እሷ ናት። ሐኪሟ ያስረዳቻቸውን አንድም ሳታዛንፍ ታስታውሳለች። ቅባት እንዲፈጭ ከቆሽት የሚመጣ ፈሳሽ ያስፈልጋል። ቅባቱ ሲፈጭ ነው አንጀት ለአንጎል «ይበቃል» ብሎ የሚልከው። የአባቷ ቆሽት ታሟል፤ ቅባቱ እንዳለ ሾልኮ ይወጣል፣ መልእክቱም አይላክም። ከምግብ ጋር የሚውጠው እንክብል ነው የቆሽቱን ሥራ የሚሠራለት።

እንክብሉ ግን ገና በደንብ ሳይሠራለት አለቀ፤ ካለቀ ደግሞ አሥራ አንድ ቀን ሆነው።

«የለም፤ መቼ እንደሚገባም አናውቅም» ነበር ያላት ፋርማሲስቱ። ሌላ አምስት ቦታ ዞራ ያውና ያው መልስ ሰማች። ባዶ እጇን ስትመለስ አባቷ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ «ድንቡሼ፣ ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። እኔ የምበላው እንደሁ ለሰውነቴ አልሆነም፤ እናንተ ብሉት» አላት። ድንቡሼ የሚላት ሕፃን ሳለች ወፍራም ስለነበረች ነው። እሷም እሺ አለች። ምን ትበል? ከዚያ ወዲህ ግን ክፍል ውስጥ ተቀምጣ መምህሩ የሚለው አይገባትም፤ የምትበላውም አይወርድላትም።

እናቷ እየሳቀች ሳህኑን አነሳች። ከሳቀች ስንት ጊዜዋ። ልጅቷ የአባቷን እጅ አየች። ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በጣቱ እየለቀመ ወደ አፉ ያደርጋል፤ ማድረጉን ራሱም ያወቀ አይመስልም።

ብትናገር እንክብሉ አይገኝ። የእናቷ ሳቅ ይጠፋል፣ አባቷም ይቀየማታል። ከዚህ ሌላ የምታተርፈው ነገር አልታያትም።

«እማ፣ ሳህኑን መልሺው» አለች።

«ምነው?»

«አልጠገበም። እንክብሉ ካለቀ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። የትም የለም።»

እናቷ ሳህኑን መልሳ አስቀመጠችና ወንበር ስባ ባሏ አጠገብ ቁጭ አለች። አባቷ ልጁን ቀና ብሎ አላያትም። ማንኪያውን አነሳ። አንዴ ከጀመረ ግን ማቆም አልቻለም።