ጣሪያው ላይ የወደቀችው ልጅ

ልጅቷ የተገኘችው ጣሪያ ላይ ወድቃ ነው።

ቤቱ ሆን ተብሎ ተገልብጦ የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ከታች፣ ወለሉ ከላይ። አልጋው ሽቅብ ተቸንክሮ ቁልቁል ያያል። መንገደኛ ከፍሎ ይገባል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ስቆ ይወጣል። ሚጡ ግን ላይኛው ክፍል ውስጥ፣ ከመሬት በበቀለው አምፖል አጠገብ ተዘርግታ፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ደረቷ እንደ ወናፍ ይነፋ ነበር። ግድግዳው ገና ያልደረቀ የቀለም ሽታ ይተፋል።

"ፓፉ!" አሉ አያቷ እማማ፣ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው። "የአስም ፓፏ የታለ?"

"ኪሷ ውስጥ የለም!" አለች ጓደኛዋ ሳቂታ። "ወድቆባት ነው መሰለኝ!"

እማማ ለመጠየቅ ጊዜ አልነበራቸውም። እጃቸውን ጡታቸው ሥር ሰደዱና መሐረብ ፈቱ። ሌላ ፓፍ ወጣ። ጠዋት ሲነሱ "ደግሞ ሁለት ምን ያደርጋል?" ተብሎ የተሳቀበት መለዋወጫ። ልጅቷ አፍ ላይ ደግነው ነፉ። ደገሙ። ከንፈሯ ቀስ እያለ ቀላ።

ያኔ ነው ንዴቱ የመጣው።

መጀመሪያውኑም ይሄን ጉዞ አልወደዱትም። መንገድ ዳር የተገተረ ጉድ ሁሉ እየዞሩ ማየት! መኪና የሚያህል የሲሚንቶ ጫማ፣ በጠርሙስ የተገነባ ቤት፣ አሁን ደግሞ ይሄ የተዘቀዘቀ። ግን ሚጡን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ብቻዋን አልሰዳትም ብለው የፊት ወንበር ላይ ጉብ አሉ። ከኋላ የሚጡ ጓደኞች ነበሩ፤ ካሜራ ከእጁ የማይለየው ዳይሬክተሩ፣ እና ከልጅነቷ ጀምሮ እማማ ቤት እየበላች ያደገችው ሳቂታ። መሪውን የያዘው ዝምታው የሚሉት ልጅ ነው። የሚቀረጸው ሁሉ በሳቂታ የኢንተርኔት ገጽ ይለቀቃል።

ሚጡን ደግፈው ወደ መኪናው ሲያደርሱ ሳቂታ ጎንበስ አለች።

"አገኘሁት! ጎማው ሥር ነው የወደቀው!"

እማማ ፓፉን ተቀብለው አገላበጡት። መኪናው የቆመበት ሜዳ ዱቄት የመሰለ አቧራ ነው። ፓፉን ግን አንዲት ብናኝ አልነካችውም። መሐረባቸው ውስጥ ቋጠሩት። የልጅቷ ነፍስ ይቀድማል።

ክሊኒኩ ሩቅ አልነበረም። ሚጡ ኦክስጅን ተደረገላት። ነርሷ ወጣ ብላ፣ "አሁን ደህና ናት፤ ትንሽ ብትዘገዩ ግን…" አለችና ሳትጨርስ ተመለሰች።

እማማ የሚጡን ጃኬት ጭናቸው ላይ አድርገው ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ውስጡን ዳሰሱ። እጃቸው ቀጥ አለ።

ከብብቱ ሥር፣ በገበሩ በኩል፣ ራሳቸው የሰፏት ስውር ኪስ አለች። አፏ በመርፌ ቁልፍ ይያዛል። የሲሚንቶው ጫማ ጋ አቧራ አስሏት ሚጡ ከነፋች በኋላ፣ ፓፉን መልሰው የቆለፉባት እማማ ራሳቸው ናቸው። አሁን ኪሷ ባዶ ናት። መርፌ ቁልፉ ግን እንደተቆለፈ ነው።

"ወድቆ ነው አላችሁኝ?" አሉ። "የወደቀ ነገር ኪሱን መልሶ ይቆልፋል እንዴ?"

ፊታቸው ወደቆሙት ሦስቱ ዞሩና ጃኬቱን ከፍ አደረጉት።

"ከጫማው በኋላ ይሄን ጃኬት ማን ለበሰው?"

ልማዳቸው ነው፤ በየቆሙበት ጃኬት ተለዋውጠው ፎቶ ይነሳሉ።

"ጠርሙስ ቤቱ ጋ ዝምታው ነው የለበሰው" አለች ሳቂታ ፈጠን ብላ።

ዝምታው ቀና አለ። "እኔ? አንድ እጄን እንኳ አላስገባሁም! ትከሻዬ ላይ ጣል ያደረግሽው አንቺ፣ አውልቀሽ የወሰድሽው አንቺ!"

"አሁን ወደኔ ልታዞረው ነው?"

"ዝም በሉ!" አሉ እማማ። ጃኬቱንና ፓፉን ለዝምታው ዘረጉለት። "እንካ። ቦታው መልሰው።"

ዝምታው ግራ ገባው። የውጭ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

"አንተስ?"

ዳይሬክተሩም የውጭ ኪሱን ፈልጎ ከተተ። "ሌላ ኪስ አለው እንዴ እማማ?"

"ለሌባው አለው።" ወደ ሳቂታ ዞሩ። ጃኬቱን ግን አልሰጧትም። "አንቺን አልፈትንሽም። ኪሷን ስሰፋ ዓይኔ አልሠራ ብሎኝ፣ መርፌው ላይ ክር ያስገባሽልኝ አንቺ ነሽ።"

ሳቂታ ለመሳቅ ሞከረች። አልመጣላትም።

"ቆይ…" አለ ዳይሬክተሩ። ፊቱ ተለወጠ። "ቶሎ ካሜራህን ይዘህ ላይ ና፣ መቅረጽ እንዳታቆም ብለሽ የጠራሽኝ… ሚጡ መቼ ወድቃ ነበር? ገና እየሳቀች ነበር እኮ! ድምፅሽ እዚህ ካሜራ ውስጥ አለ።"

"አንተ ደግሞ!"

"በር ላይ 'ቀለሙ ትኩስ ነው፣ የሚያፍነው አይግባ' የሚል ተለጥፎ ነበር። አንብበሽ ነው 'ሽቅብ እንሩጥ' ያልሻት?" አለ ዳይሬክተሩ።

"ልሰጣት ነበር!" ሳቂታ ጮኸች። "በእናቴ ልሰጣት ነበር! ጫማ ብናሳይ ማን አየን? ጠርሙስ ብናሳይ ማን አየን? ጓደኛዋን ከሞት ያዳነች ቢባል ግን… ትንሽ እንድታስል ብቻ ነው የፈለግኩት። በእጄ ይዤው ነበርኮ እማማ! እርስዎ ቀደሙኝ እንጂ!"

"በእጅሽ ይዘሽ?" የእማማ ድምፅ ወረደ። ሲወርድ ነው የሚያስፈራው። "እግርሽ ሥር ወድቃ፣ ከንፈሯ እየጠቆረ፣ አንቺ በእጅሽ ይዘሽ?"

በሩ ተከፈተ። ሚጡ ነበረች፤ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፣ ፊቷ ላይ የጭምብሉ ላስቲክ ምልክት።

"ዓይንሽን አይቼው ነበር" አለች ቀስ ብላ። "እግርሽን ይዤሽ ነበር። ለምን ቆምሽ?"

ሳቂታ መሬት መሬት አየች።

"ንገሪኛ።"

"ዳይሬክተሩ… ደረጃው ላይ ነበር። ካሜራው አልደረሰም ነበር።"

ሚጡ ወደ እማማ ጎን መጥታ ተቀመጠች። እማማ ጃኬቱን ደረቧት፤ ፓፉን በስውሯ ኪስ ከተው ቆለፉ። መርፌው ጣታቸውን ወጋው። አልተሰማቸውም።

"አጥፋው" አለች ሳቂታ ለዳይሬክተሩ፣ እያለቀሰች። "በፈጠረህ አጥፋው። ማንም አይየው።"

ዳይሬክተሩ እማማን አየ።

እማማ ተነሡ። በመስኮቱ በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የፖሊስ ጣቢያው በር ክፍት ነው።

"አይጠፋም" አሉ። "እንዲታይልሽ ነበር የፈለግሽው። ነይ፤ የሚያይልሽ ሰው አለ።"