ቲቶን የሚያስጠራው አፕዴት

ባምላኩ ጩቤውን ሲሰነዝር ቲቶ ገና ከባጃጅ ወርዶ የላፕቶፕ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ ነበር። ጩቤው ከአንገት አጥንቱ ሥር ገባ። ባምላኩ መዞ ሊደግመው ሲል ስለቱ አጥንት ላይ ተሰበረና ጫፉ ውስጥ ቀረ። እጀታውን ወርውሮ በቡጢ ቀጠለ፤ ሲወድቅለትም በጫማው ረገጠው። የክሊኒኩ ዘበኛ ጋሽ ተረፈ በዱላ ክንዱን ባይሰብሩት ኖሮ እዚያው ይጨርሰው ነበር።

ይሄ ሁሉ የሆነው ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ አንድ የግል ክሊኒክ በር ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የክሊኒኩ ሠራተኛ ማናልሞሽ ጩኸት ሰምታ ስትወጣ የምትወደው ሰው መሬት ላይ ነው፤ ክንዱን ይዞ የሚያቃስተው ደግሞ የእናቷ ልጅ። አላመነታችም፤ ወደ ቲቶ ሮጠች።

«እህቴን መጫወቻ አደረጋት» ይላል ባምላኩ፣ ጋሽ ተረፈ እየጎተቱት። «ጠዋት ማታ ከቴፒ ይመላለሳል፣ በር ዘግተው ይቀመጣሉ። ሽማግሌ የለው፣ ቀለበት የለው!»

መመላለሱስ እውነት ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የክሊኒኩ የራጅ ማሽን አሮጌ ስለሆነ ፕሮግራሙ ከድሮ ዊንዶውስ ውጪ አይሠራም። አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት ነው። ቴፒ ላይ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ያለው ቲቶ ተጠርቶ መጣና በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር ሠራ። ቨርቹዋል ማሽን ይሉታል። የድሮውን ዊንዶውስ እዚያ ጫነው። ሁለቱን የሚያስማማ ሞጁል የሚባል ነገር አለ። ታዲያ የሊኑክሱ እምብርት፣ ከርነል የሚሉት፣ አፕዴት በተደረገ ቁጥር የድሮው ሞጁል አልገጥም ይላል። ለአዲሱ ከርነል እንደገና እስኪሠራ ድረስ ራጅ የለም።

ያኔ የክሊኒኩን ኮምፒውተር የምትይዘው ማናልሞሽ ስልክ ታነሳለች።

«ቲቶ፣ ከርነሉ ተቀይሯል።»

«መጣሁ።»

ሥራው ሻይ እስኪፈላ የሚያልቅ ነው፤ ቲቶ ግን እስኪመሽ ይቀመጣል። እሷ ጣቶቹን ታያለች፣ እሱ ቀና ሲል እሷ መስኮቱን ታያለች። ስለ ፍቅር አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ይባል የለ። የዚያን ቀንም ጠዋት ደውላለት ነው የመጣው።

አሁን አልጋ ላይ ተጋድሟል፤ ደሙ በፋሻው አልፎ ይንጠባጠባል።

«ስለቱ ውስጥ ነው» አሉ ዶክተር ሐዲስ። «ከትልቁ ደም ሥር ምን ያህል እንደሚርቅ ሳላይ ከነካሁት እጄ ላይ ይሞታል። ራጅ ክፍል አስገቡት።»

«ራጁ ተበላሽቷል ዶክተር» አለች ነርሷ ቤተልሔም። «የሚጠግነውም እሱ ራሱ ነው።»

«ጅማ ብንልከውስ?» አለች ማናልሞሽ።

«መንገድ ላይ ይቀራል።»

ይሄኔ የመጀመሪያው ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። የቲቶ ጓደኞች፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ፣ ወሬውን ሰምተው በሩን ከበዋል። «ገዳዩን አውጡት!» ይላሉ። ባምላኩን ጋሽ ተረፈ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ቆልፈውበታል።

«ልጄ» አሉ ጋሽ ተረፈ በበሩ ብቅ ብለው፣ «ያኛው ከሞተ ይሄኛውን ማትረፍ አልችልም። ይበሉታል።»

ቲቶን ራጅ ክፍል አስገብተውት ማናልሞሽ እዚያው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ጣቶቿ በቲቶ ደም ርሰው ቁልፎቹ ላይ ያዳልጧታል። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ገጽ ከፍታ ማንንም ሳትጠይቅ ትእዛዙን ጻፈች። ኮምፒውተሩ እንቢ አለ፤ ሞጁሉ የሚሠራበት የአዲሱ ከርነል ፋይል አልወረደም። የዶክተሩን ስልክ ተቀብላ በሱ ኢንተርኔት ማውረድ ጀመረች። ኔትወርኩ ይንፏቀቃል። የክፍሉ መስኮት በድንጋይ ተሰባብሮ ላይዋ ላይ ረገፈ፤ ግንባሯ ተቆርጦ ደም ዓይኗ ውስጥ ገባ። በእጅጌዋ ጠረገችው እንጂ አልተነሳችም።

«ማና» አለ ቲቶ ከአልጋው። «ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«አትናገር፣ ደምህ ይፈሳል።»

«ማን?»

«አንተ። ሁለተኛ ጊዜ ስትመጣ አይቼ ችዬው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ትደውይልኛለሽ?»

«እንድትመጣ» አለችና እንባዋ ቀደማት። «ጠዋት ራሴ ብሠራው ኖሮ አሁን ቴፒ ሱቅህ ውስጥ ነበርክ። እኔ ነኝ ያስወጋሁህ።»

ቲቶ ሊስቅ ሞክሮ ሕመሙ ያዘው። «እኔስ? በራሱ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል እኮ። አንዴ ካዘዝሽው ከርነሉ በተቀየረ ቁጥር ሞጁሉን ራሱ ይሠራዋል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ለምን አላደረግከውም?»

«ምን ብዬ እመጣለሁ ታዲያ?»

እንግዲህ ፍረዱ። «እወድሃለሁ»፣ «እወድሻለሁ» ማለት ከብዷቸው የከተማውን ራጅ ሲያጉላሉ የከረሙ ሁለት ትልልቅ ሰዎች። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ያን ቀን ግን እሱ ዓይኑን ጨፈነ፣ እሷም ፋይሉ ወርዶ ሲያልቅ ስሙን እየጮኸች የመጨረሻውን ትእዛዝ ጻፈችው።

ሞጁሉ ገጠመ። አሮጌው ዊንዶውስ እየተንቀራፈፈ ተነሳ። ራጁ ሲወጣ የስለቱ ጫፍ ነጭ ሆኖ ታየ፤ ከደም ሥሩ በጣት ውፍረት ርቆ ተቀምጧል። ዶክተሩ ቀደው ሲያወጡት ብረቱ ሳህኑ ላይ ጮኸ።

ማናልሞሽ ሳህኑን ይዛ ወደ ውጪ ወጣች። «ተርፏል» አለች። ድንጋይ የጨበጡት እጆች አንድ በአንድ ወረዱ።

ከዚያ መጋዘኑን አስከፈተች። ባምላኩ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል።

«ሞተ?»

«አልሞተም።» በደህናው ክንዱ በኩል ዞራ በጥፊ አጮለችው። «ሽማግሌ የለው አላልክም? ይመጣልሃል። የገባህበት ድረስ ይመጣልሃል።»

መጣለትም። አባታቸው ካረፉ ወዲህ የቤቱ አባወራ ባምላኩ ነበርና፣ ቲቶ ሽማግሌዎቹን የላከው እሱ ወደ ታሰረበት ማረሚያ ቤት ነው። ባምላኩ የተሰበረ ክንዱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ቆሞ ሰማቸው። ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

«የወጋሁት ልጅ ነው የላካችሁ?»

«እሱው ነው።»

«ሰጥቻለሁ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

የቲቶ ግራ እጅ ከዚያ ወዲህ ከደረቱ በላይ አይነሳም። ከሠርጉ በፊት ክሊኒኩ ሄዶ፣ ሞጁሉ በራሱ እንዲሠራ የሚያደርገውን ትእዛዝ በአንድ እጁ ጻፈና የሚያስጀምረውን የመጨረሻ ቁልፍ መጫኑን ለማናልሞሽ ተወላት። እሷ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች።

«ከዚህ በኋላ አልደውልልህም ማለት ነው።»

«አትደውይ» አላት። «ማታ ቤት እንገናኛለን።»

ተጫነችው።