የጠና ባዶ መስመር

መምህር ጠና ስምንተኛ ክፍል ውስጥ፣ ጭንቅላቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ መትቶ፣ ከሰሌዳው ሥር ወድቆ ተገኘ። ከበላዩ በትላልቅ ፊደል የሰኞ ትምህርት ተጽፏል፤ «ነም» የምትባል የእንግሊዝኛ ቅጽል። ትርጉም፦ ደንዛዛ። አጠቃቀም፦ ጣቶቼ በብርድ ደነዘዙ። ተቃራኒ፦ ሴንሲቲቭ።

ኢንስፔክተር ሃቢባ «ተቃራኒ» የሚለው መስመር ላይ ዓይኗ ቀረ። እሷንም እንግሊዝኛ ያስተማራት ይኸው ሰው ነው። ማልቀስ ነበረባት፤ አልመጣላትም።

«ስሰናበተው ሰሌዳው ባዶ ነበር፤ ዘበኛው ጋሽ ሀብቴ ገና መወልወሉ ነበር» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ሱራፌል። «ይሄን ሁሉ የጻፈው እኔ ጊምቢቹ ለቅሶ ከሄድኩ በኋላ ነው። ግቢ የቀረችው ደግሞ…» ወደ መምህርት ሊዲያ አዩ።

«ሌላ ሰው ገብቷል?» ሃቢባ ዘበኛውን ጠየቀች።

«ኧረ ማንም!» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

ሊዲያ ሕፃን አዝላለች።

«ከጠና ጋር ተጣልታችሁ ነበር እህቴ?» አለቻት ሃቢባ።

«ተጨቃጭቀናል። አቶ ሱራፌል የፈተና መልስ ለተማሪ እንዳስነገሩ ጠና ለወላጆች ልናገር ሲል፣ ‹እንጀራችንን ታዘጋለህ፣ ይቅርብህ› አልኩት።» የሌላ ሰው ወሬ የምታወራ ትመስል ነበር። ከሃቢባ ጋር የመጣው ፖሊስ ካቴናውን ሲያወጣ፣ ልጇን ለማን እንደምትሰጥ ዙሪያዋን አየች።

«አቶ ሱራፌል፣ ጠና ሲያስተምር ክፍል ገብተው ያውቃሉ?»

«ለቁጥጥር? ሰው አምናለሁ እኮ! ሪፖርቱን ቢሮዬ ቁጭ ብዬ እሞላለሁ።»

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ሃቢባ ሦስቱንም ሰሌዳው ፊት አቆመቻቸው።

«ጠና ትርጉምና አጠቃቀም ይጽፋል። ተቃራኒስ፣ ሊዲያ?»

«ባዶ ይተዋል። ‹ከሰፈራችሁ አምጡ› ነው የሚለው።»

«እኔም አምጥቻለሁ። እንግዲህ ይህን የጻፈው ጠና አይደለም። አቶ ሱራፌል ሲሄዱ ጠና በሕይወት ነበር እንዲባል የፈለገ ሰው ነው። ሊዲያ ገድላው ቢሆን ባዶ ሰሌዳ ይሻላት ነበር፤ ጠና የሞተው አቶ ሱራፌል ሳይሄዱ ነው ይባልና ጥርጣሬው ወደ እሳቸው ይሄድላታል። ጋሽ ሀብቴም ያን ባዶ መስመር በየቀኑ ያዩታል። የጠናን ትምህርት አንዴም አይቶ የማያውቅ ማን ቀረ?»

አቶ ሱራፌል ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

«ገፋ ነው ያደረግኩት» አሉ፣ ሪፖርት እንደሚያቀርብ ሰው።

ካቴናው ወደ እሳቸው ዞረ። ሃቢባ ሰሌዳውን ፎቶ አስነሥታ ዳስተሩን አነሣች፤ ከ«ተቃራኒ» ቀጥሎ ያለውን ጠረገችው።

ያኔ፣ ባዶው መስመር ፊት፣ የሊዲያ ሕፃን እሪ ብሎ አለቀሰ። ዝም ያሰኘው ሰው አልነበረም።