ጉልበታቸውን ማን አዳነው?

ኢንስፔክተሩ ሁለተኛ ፎቅ ደርሶ ሲያንኳኳ በሩ ከውስጥ ተከፈተለት። እግሩን እንዳስገባ ግን ከኋላው እንደገና ተቆለፈና ቁልፉ የቤቱ ልጅ ኪስ ውስጥ ገባ።

«እኔንም አሰርከኝ ማለት ነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ለእርስዎ አይደለም፤ እሷ እንዳታመልጥ ነው።» ልጁ በአገጩ ወደ ወጥ ቤቱ ጠቆመ። «አባዬን የገደለችው አስታማሚዋ ናት። ከንጋት ጀምሮ ዘግቼባታለሁ።»

ኢንስፔክተሩን ባልደረቦቹ በሌለበት «ብስኩት» ይሉታል። ሆዱ ባዶ ሆኖ ከቆየ ጨጓራው ስለሚነሳበት ደረቅ ብስኩት ከኪሱ አይለይም፤ ምስክር እያነጋገረም ቢሆን ቁራሽ ይነክሳል። ይህን ስም ያውቀዋል፤ አልተቀየመበትም። ትዕግሥተኛ ስለሆነ አይደለም፤ ሲቀየም ስለሚያቃጥለው ነው።

ሟቹ በሰፈሩ የታወቁ መነጽር ሠሪ ነበሩ። ምድር ቤት ያለው ሱቅ የእሳቸው ሲሆን፣ አልጋ ከያዙ ወዲህ የሚሠራበት ልጃቸው ነው። አሁን በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ፊታቸው ወረቀት መስሏል፤ ትራሱም አንሶላውም የቡና አተላ በመሰለ ትውከት ተበላሽቷል። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንዷ መስኮት ላይ የብረት ፍርግርግ አለ፤ ከፍርግርጉ ማዶ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ብቻ ነው። ብስኩት እዚህ ቤት ሲገባ የተሰማው የመታፈን ስሜት ከሬሳው የመጣ አልመሰለውም። ቤቱ ራሱ ያፍናል።

የሟቹን አፍ ቀስ ብሎ ከፍቶ በእጅ ባትሪ ምላሳቸውን አየ። ገርጥቷል፤ ግን ንጹሕ ነው።

«እዚያ ምን ይፈልጋሉ?» አለ ልጁ።

«ቀለም» አለ ብስኩት፤ ሌላ አልጨመረም። ዓይኑ ክፍሉን ዞረ። ራስጌ ካለው ጠረጴዛ ላይ ግማሽ የደረሰ የነጭ ሽሮፕ ጠርሙስና ማንኪያ አለ። ከበሩ ጀርባ ከዘራ ተንጠልጥሎ አቧራ ለብሷል። መስኮቱ ሥር ትራስ የተደረገበት ወንበር፣ ከወንበሩ ሥር ደግሞ የሽማግሌው ነጠላ ጫማ ተቀምጧል።

«ከቦርሳዋ ሎሚ ነው ያገኘሁት» አለ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለጨጓራ በሽተኛ ሎሚ! ሐኪሙ የከለከለውን ሁሉ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፌላት፤ በርበሬ፣ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ቅባት። ጨው እንኳ እዚህ ቤት በእኔ ፈቃድ ነበር የሚገባው።»

«ሎሚ እኔንም ያንገበግበኛል» አለ ብስኩት። «እስካሁን ግን አልገደለኝም። ምግብ የታመመ ጨጓራን ያስቆጣዋል እንጂ እንዲህ አያደማውም። እስኪ ሴትየዋን ላናግራት።»

አስታማሚዋ ወጥ ቤት ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ የሰው ዕቃ እንዳትነካ የተነገራት ይመስል ሁለት እጇን ጭኗ መሃል ቀብራለች። ወጣት ናት፤ ዓይኗ አብጧል።

«ጌታዬ፣ እስር ቤት ልገባ ነው?»

«ገና ወጥ ቤት ነን» አለ ብስኩት፤ ብስኩቱን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ሰጣት። «ብዪ። ከተቀጠርሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሁለተኛ ወር ይዣለሁ። እኔ ቀን ቀን ነኝ። ማታ እትዬ ናት፤ ትልቋ ልጃቸው። ሲመሽ አባባ በሩን ራሳቸው ያስቆልፉና ቁልፉን ትራሳቸው ሥር ያደርጉታል፤ ሌባ ይፈራሉ። እስኪነጋ ለማንም አይሰጡም። እትዬም አብራ ተቆልፎባት ታድራለች።»

«አመጋገባቸውስ?»

«ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ነበር የምሰጣቸው፤ ሆዳቸው ባዶ እንዳይሆን። ከበሉ በኋላ ቶሎ አላስተኛቸውም፤ ቀና አድርጌ ደግፌ ነው የማስቀምጣቸው። ሲያቃጥላቸው ደግሞ ነጩን ሽሮፕ በማንኪያ።» አቀረቀረች። «ሰሞኑን ሽሮፑን አበዙት። ያቃጥላቸዋል፣ ይጠጣሉ፤ ከጠጡ በኋላ ደግሞ ይብስባቸዋል፣ እንደገና ይጠይቁኛል። ‹ምነው አሸዋ አሸዋ አለኝ› ሲሉኝ ጠርሙሱን አጥብቄ ወዘወዝኩላቸው። ሎሚውማ ለራሴ ሻይ ነው፤ ለእሳቸው አንዲት ጠብታ አልሰጠሁም።»

«አምንሻለሁ።»

እምነቱ ደፋር አደረጋት መሰል ቀና አለች። «ደግሞ ማንም ባያመሰግነኝም ጉልበታቸውን ያዳንኩት እኔ ነኝ። ስመጣ ከአልጋ ሲወርዱ ጩኸታቸው ሱቅ ድረስ ይሰማ ነበር። በየቀኑ በሞቀ ፎጣ አሸሁላቸው። ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ ያለ ከዘራ እስከ መስኮቱ ይሄዱ ነበር እኮ!»

ብስኩት ማኘኩን አቆመ። «ማሸት የጀመርሽው መቼ ነው?»

«የተቀጠርኩ ዕለት።»

«ጉልበታቸው የዳነው ግን ከሁለት ሳምንት ወዲህ ነው። በድንገት።»

«አዎ፣ እንደ ተአምር» አለች፤ እንዳለችው ግን ፊቷ ላይ የነበረው ኩራት ሳሳ።

«ሰገራቸውስ እንዴት ነበር?»

ወደ በሩ አየች። ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰችለት። «ጥቁር። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፤ ሽታውም ሌላ ነበር። ፖፖውን የምደፋው እኔ ስለሆንኩ አይቻለሁ። ባለፈው ሰኞ ያየሁ ዕለት ለእትዬ ነገርኳት። ‹የሮዙ የጨጓራ መድኃኒት ነው፤ እሱ ያጠቁራል፣ ሐኪሙም ብሎኛል› ስትለኝ ዝም አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው።»

«ሮዝ መድኃኒት እዚህ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም። ማታ የሚሰጥ መስሎኝ ነው። ጌታዬ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ?»

«ገና ነው» አለ ብስኩት፤ ይህን ሲላት እሱም አልደላውም።

ልጁ ብስኩትን ይዞ ወደ ሱቁ ሲወርድ በሩን መልሶ ቆለፈው። ደረጃውን የሚወርደው ወገቡን በእጁ ደግፎ ነው። ታች እንደደረሰ ከባንኮኒው መሳቢያ አንድ ቢጫ ክኒን አወጣ።

«ያለዚህ ወገቤ አላስቆም ይለኛል» አለ ወገቡን እያሻሸ። «ክኒኔም እየጠፋ ነው። አይጥ ክኒን ይበላል? እሷ ናት።»

«አስታማሚዋ ሱቅ ትገባለች?»

«አትገባም። ግን ሌባ መግቢያ አያጣም።»

«አባትህስ ይወስዱት ነበር?»

«ምን ነካዎት! ሐኪሙ ከምግቡም በፊት የከለከለው እንዲህ ያለውን ማስታገሻ ነው፤ ጨጓራ ይልጣል ብሎ። ጉልበቱን ቢያመው እንኳ እንዳይቀምሰው። ለዚህ ነው ፎቅ የማላወጣው።»

«አንተ አድረህላቸው ታውቃለህ?»

«እኔ? ወገቤን እያዩት! ደግሞ አባዬ ከእህቴ እጅ በቀር ማታ ከማንም አይበላም። የተባረከች ናት፤ ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላማረረችም።»

የተባረከችው እህት ከሱቁ ጓዳ፣ የመነጽር መስተዋት ከሚሞረድበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አየር እንድታገኝ ብሎ ወንድሟ ነው ያወረዳት። አርባዎቹን አጋምሳለች። ጣቶቿ ያለቀለትን መስተዋት ጠርዝ እየዳሰሱ ነው።

«ሥራውን ያውቁታል?» አለ ብስኩት።

«ከወንድሜ ይልቅ እጅ የነበረኝ እኔ ነኝ። አባዬ ሲታመም ‹ለጊዜው› ብዬ ፎቅ ወጣሁ።» መስተዋቱን አስቀመጠችው። «ያ ጊዜ አላልቅ አለ።»

«ሌሊቱ እንዴት ነበር?»

«ይጠራኛል። ውኃ፣ ትራስ፣ ጉልበቴን፣ ሆዴን። አለሽ ወይ ይላል፤ አለሁ እለዋለሁ። ዓይኔን ከደን ሳደርግ ስሜን ይጠራል። ሰሞኑን ግን ተኝቼ አድሬያለሁ።» ከአፏ ከወጣ በኋላ ቀና ብላ አየችው።

ብስኩት እንዳልሰማ ሆነ። «ስለ ጥቁሩ ሰገራ ለሐኪሙ ነግረዋል?»

«በስልክ። የሮዙ መድኃኒት ነው አለኝ።»

ሐኪሙ ሲመጣ ሁሉም ሽማግሌው ክፍል ተሰበሰቡ። ከሬሳው ጋር ስድስት ሆነው ሲቆሙ የሚያላውስ ቦታ አልተረፈም። ልጁ በልማዱ በሩን ሲቆልፍ ብስኩት እጁን ዘረጋና ቁልፉን ተቀበለው። ከሱቁ ያመጣውን የማጉያ መነጽርና ጥቁር የመነጽር መወልወያ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ዶክተር፣ ሮዙን መድኃኒት ያቆሙላቸው መቼ ነው?»

«ይህች ልጅ ሳትቀጠር በፊት ነው» አለ ሐኪሙ።

«ሰሞኑን ከዚህ ቤት ተደውሎልዎታል?»

«አልተደወለልኝም። ለምን?»

«ሰገራቸው እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ቢሰሙ ምን ያደርጉ ነበር?»

የሐኪሙ ፊት ተለዋወጠ። «ያኔውኑ ሆስፒታል አስገባቸው ነበር። እሱ እኮ ደም ነው። ጨጓራ ደምቶ በአንጀት ሲወርድ እንደዚያ ይጠቁራል። ቶሎ ቢደረስላቸው…» አልጨረሰውም።

«እኔ ሮዙን የወሰድኩ ጊዜ» አለ ብስኩት፣ «ሰገራዬ ብቻ ሳይሆን ምላሴም ጠቆረና ልሞት ነው ብዬ ለሚስቴ የማይነገረውን ሁሉ ተናዘዝኩ። እስካሁን ይቆጨኛል። የእሳቸው ምላስ ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሮዙ ሰበብ ነበር። ደም ነው ካልን፣ ያደማቸው ምንድን ነው? ምግብ እንዳንል እዚህ ቤት ምግብ የሚገባው በፖሊስ ፍተሻ ነው።» ልጁ ላይ ጨረፍታ ጣለ። «እኔን የያዘኝ ጉልበታቸው ነው። ወር ሙሉ ታሽቶ እምቢ ያለ ጉልበት በድንገት ተሻለው። በዚያው ሰሞን ጨጓራቸው ባሰ። ጉልበትን አስታግሶ ጨጓራን የሚልጥ ነገር ደግሞ እዚሁ ቤት፣ ታች መሳቢያ ውስጥ አለ።»

የሽሮፑን ዝቃጭ በጥቁሩ ጨርቅ ላይ አፈሰሰና ማጉያውን ለልጁ አቀበለው። ልጁ ጎንበስ ብሎ አየ። በነጩ መሃል የክኒን ልባስ ቢጫ ፍርፋሪ ተበትኗል።

«አሸዋው ይኸው ነው። አባታችሁ ሲያቃጥላቸው መድኃኒት ብለው የሚጠጡት የሚያቃጥላቸውን ነበር። በጠጡ ቁጥር ይብሳል፤ በባሰ ቁጥር ይጠጣሉ።»

«የኔ ክኒን ነው» አለ ልጁ። «ግን እኔ…»

«አንተ አይደለህም። ይህን ያደረገ ሰው ክኒኔ ጠፋ ብሎ ለፖሊስ አያመለክትም። ይህችም ልጅ አይደለችም፤ ሱቅ አትገባም፣ ጥቁሩንም አይታ የተናገረችው እሷ ብቻ ናት። መደበቅ የሚፈልግ ሰው አይናገርም።» ብስኩት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባታችሁ የጉልበታቸው ሕመም ሲተዋቸው ተኝተው ማደር ጀመሩ። እሳቸው ሲተኙ ደግሞ እዚህ ቤት ሌላ የሚተኛ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ትልቋ ልጅ ከመስኮቱ ፍርግርግ አጠገብ ቆማ ነበር። አልካደችም።

«ሊሞት ብዬ አይደለም» አለች። «የጉልበቱ ሕመም አንድ ሌሊት እንዲተወው ነበር። ክኒኑን በእጁ ብሰጠው ለወንድሜ ይነግርብኛል ብዬ ፈጭቼ ሽሮፑ ውስጥ ጨመርኩት። ተኛ። እኔም ተኛሁ። በነጋታው ደግሞ ጨመርኩ።»

«እስከዚህ ድረስ ስህተት ነው እላለሁ» አለ ብስኩት። ‹እርስዎ› ማለቱን ትቶ ነበር፤ ራሱም አላወቀውም። «ሰኞ ግን ይህች ልጅ መጥታ ጥቁር ነው አለችሽ። ደም መሆኑን አውቀሻል። ጠርሙሱን ቀየርሽው?»

«አልቀየርኩም።»

«ፈርተሽ ነው? ክኒኑ እንዳይታወቅብሽ?»

ራሷን ወዘወዘች። «ብናገር ሆስፒታል ያስገቡታል። ሆስፒታል ከገባ ይድናል።» ዓይኗን ወደ አልጋው መለሰች። «ከዳነ ይመለሳል።»

ወንድሟ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እህቴ፣ ምነው ለእኔ ብትነግሪኝ…»

«አንድ ሳምንት ተካኝ ብዬ ለምኜህ ነበር» አለችው፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ካንቺ እጅ በቀር አይበላም አልከኝ።»

ወንድሟ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ብስኩት በሩን ከፈተው። አስታማሚዋ የተከፈተውን በር እያየች ባለችበት ቀረች።

«ማንኪያውን ያቀበልኳቸው በገዛ እጄ ነው» አለች።

«የቀመምሽው አንቺ አይደለሽም። ከእንግዲህ ግን እንዲህ ያለ ካየሽ ለቤተሰብ ነግረሽ አትተዪው፤ ራስሽ ሐኪም ጥሪ። ሂጂ አሁን።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ደረጃው ላይ እየሮጠች ስትወርድ የጫማዋ ድምፅ ተሰማ፤ የታችኛው በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ትልቋ ልጅ የእግሯ ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጠች። ከዚያ ወደ ብስኩት ዞረች።

«የምትወስደኝ ቦታ… ሌሊት ስም ይጠራል?»

ብስኩት ሊዋሻት አልፈለገም። «ሲነጋና ሲመሽ ይቆጥሯችኋል። ሌሊት ግን የሚጠራሽ የለም።»

«እሺ» አለች፤ ከእሱም ቀድማ ደረጃውን ወረደች።