ያልተገኘው ክላስ

ዮፍታሄ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከአሰግድ ሆቴል ጀርባ ባለችው ጠባብ ቢሮው ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ፊት ግንባሩን ደፍቶ ሞቶ ተገኘ። የገደለው በበሩ ሥር የገባው የጄኔሬተር ጭስ ነው። ደጅ መሆን የነበረበት ጄኔሬተር ኮሪደሩ ውስጥ ተገኝቷል። ጥፋቱ ወዲያው ጄኔሬተሩን በየማታው በሚያስነሳው በዋሪዮ ላይ ተላከከ። ካቴና ገብቶለታል፤ ወደ ማርሳቢት እስር ቤት የሚወስደው መኪናም ሞተሩን አስነስቶ ጥሩንባውን ያስጮኻል።

ኢንስፔክተር ጃልደሳ መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቅም። እየተንጎራደደ ዋሪዮን ጠየቀው።

«አንተ ነህ ያስገባኸው?»

«አፋንዴ፣ ጌታዬ፣ ሃኪ ያ ሙንጉ፣ በፈጣሪ እምላለሁ! እኔ ደጅ አስነስቼ ቤቴ ሄድኩ። ከቦታው ሳንቀሳቅሰው በገመድ ነው የምጎትተው፤ ጭስ ማውጫው እሳት ነው። ገመዱን ደግሞ ማታ ማታ ፍየሌን አስርበታለሁ።»

ፖሊስ ተልኮ አየ። ፍየሏ በዚያው ገመድ እንደታሰረች ናት፤ ጎረቤቶችም ከምሽት ጀምሮ አልተፈታችም አሉ።

ባለሆቴሉ አሰግድ ዮፍታሄን ከስደተኞች ካምፕ አውጥቶ ያሳደገ ሰው ነው። ሻዩን በግራ እጁ ይዞ ተነፈሰ።

«ትናንት አመሻሽ ላይ ገብቼ ነበር፤ ደህና ነበር። የሚሠራውን የከብት ገበያ የኮምፒውተር ፕሮግራም አሳየኝ። ‹ግመል› ብሎ ሲጽፍ የግመሉ ገጽ ከፈት አለ። ስወጣ ዋሪዮ ጄኔሬተሩን ወደ ውስጥ ሲጎትት አየሁት።»

ጃልደሳ ሁሉንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰበና ወደ ሮዛ ዞረ። ፕሮግራሙን ከሟቹ ጋር ትሠራ የነበረችው እሷ ናት፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እስኪ ‹ግመል› ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ‹ክላሱ አልተገኘም› የሚል ቀይ መስመር ወጣ።

«ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ስም ይዞ፣ በዚያ ስም የሚጠራውን ክላስ ይፈልጋል» አለች። «ክላስ ማለት ግመል ምን እንደሆነ የሚነግረው ክፍል ነው። ትናንት ቀትር ላይ አብረን ወደ አዲስ ማህደር አዛወርናቸው። ከዚያ ወዲህ ከነማህደሩ ሙሉ ስሙ ካልተጻፈ አያገኘውም።»

ጃልደሳ ሳቅ አለ። «እኛም ገበያ ላይ ‹ዋሪዮ› ብለን ብንጣራ አሥር ሰው ይዞራል፤ የአባቱን ስም መጨመር ግድ ነው። ጋሽ አሰግድ፣ እርስዎ የነገሩን ትናንት ከቀትር በፊት ያዩትን ነው። አመሻሽ ላይ ‹ግመል› ቢባል የሚከፈት ገጽ አልነበረም። ዋሪዮ ጎተተ ያሉትም ውሸት ነው፤ ገመዱ ፍየሏ አንገት ላይ ነበር። ያለ ገመድ የጎተተው ሰው ያንን የጋለ ብረት በእጁ ነክቷል፤ የዋሪዮ እጆች ደግሞ ደህና ናቸው። ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

አሰግድ መዳፉን ዘረጋ። ውኃ ቋጥሯል።

«‹ናይሮቢ ሥራ አገኘሁ፣ ሰኞ እሄዳለሁ› አለኝ!» ብሎ ጮኸ። «ያን ሁሉ ዓመት አሳድጌው! ስገባ ጠረጴዛው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል... ልጄ ነበር እኮ፤ ጥሎኝ ሊሄድ!»

የዋሪዮ ካቴና ተፈታ። ሰውየው ግን አልወጣም፤ አንጓውን እያሻሸ አሰግድ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ እኔም እኮ ልጆች አሉኝ። ያንተ ሆቴል ግቢ ነው የሚጫወቱት። ስማቸውን ታውቃለህ።»