ቀን የቆጠረው ልብስ ሰፊ

ከአንዲት ባለሱቅ ቤት ቀጥሎ፣ በሩ ሁልጊዜ ገርበብ ያለ አንድ የልብስ ስፌት ቤት ነበር። ፊቱ መሥሪያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኖሪያ። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ ያላለቁ ልብሶች… በዚህ ቤት ባልና ሚስት ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰፍተዋል። ባልየው ይቆርጣል፣ ይገጣጥማል፤ ሚስትየው ትዘመዝማለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። የሰውየው እጅ ወርቅ ነው፤ ቀጠሮው ግን ለጉድ ነው! ለሰኞ ያለው ልብስ ለሐሙስ፣ ለሐሙስ ያለው ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል። ደንበኛ ሲጮህበት አይቆጣም፣ አይከራከርም፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ፈገግ ብሎ «ነገ» ይላል። የሰፈሩ ሰው ስሙን ትቶ «ጋሽ ነገ» ቢለው ምን ያስደንቃል? አንድ ሙሽራ ሱሪው ሳይደርስለት ቀርቶ የወንድሙን ለብሶ ተሞሽሯል ይባላል፤ ወሬውን የሚያወራው ሙሽራው ራሱ ነው።

ሰው የሚስቅበት ይህ ቤት ግን ውስጡ ቁስል ነበረው። አንዲት ልጃቸው ከአምስት ዓመት በፊት አባቷ ያልወደደውን ሰው አገባለሁ አለች። አባትየው ሰውየውን በደንብ እንኳን አያውቀውም፤ የጸሎት ማኅበራቸው አባል አለመሆኑ ብቻ በቃው። «በዚህ በር ከወጣሽ ተመልሰሽ እንዳትገቢ!» አላት። ወጣች። ሩቅ ከተማ ገባች። ከዓመት በኋላ ስልክ ቁጥሯን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ በሰው ላከች። አባትየው ወረቀቷን አልቀደዳትም፤ መሳቢያው ውስጥ ከመርፌና ከክር ጋር አኖራት። አልደወለም ግን። እናትየው በየጥቂት ቀኑ ትጠይቀዋለች፤ መልሱ ለደንበኞቹ የሚሰጠው ያው መልስ ነው።

ራሷ ለምን አልደወለችም? አንድ ጊዜ ነግራዋለች። «ከጀርባህ ብደውልላት ልጄን አግኝቼ አንተን አጣለሁ። እኔ ሁለታችሁንም ነው የምፈልገው። ያስወጣሃት አንተ ነህ፣ አንተው አስገባት።» ከዚያ በኋላ መርፌዋን አንስታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

መከራ ብቻውን አይመጣ ሆነና የእናትየው ልብ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ደረጃ ስትወጣ፣ ቀጥሎ ስታወራ፣ በመጨረሻ ቁልፍ ስትተክል እንኳ ትንፋሿ ይቆራረጥ ጀመር። ሐኪሙ ባልየውን ወደ ኮሪደር አወጣውና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልቧ ደክሟል። መድኃኒቱ ያሳርፋታል እንጂ አያድናትም። ደስ የሚላትን አድርጉላት» አለው። ደስ የሚላትን! ደስ የሚላት ምን እንደሆነ እሱ አጥቶት ነው? ከአልጋው እስከ መሳቢያው አራት እርምጃ አይሞላም ነበር።

በዚያው ሰሞን ነበር የማኅበሩ ሰባኪ መስመር የተሰመረበት ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ ቁጥር ከቁጥር እየደመረ፣ «ጌታ የሚመጣበት ቀን ታውቋል፤ የቀረን መቶ ቀን ነው» ያለው። ሌላው ሰው ተንሾካሾከ፤ ልብስ ሰፊው ግን አለቀሰ። መቶ ቀን! መቶ ቀን ብቻ ከቆየች እኮ ሞት አያገኛትም! መቃብር የለ፣ መለያየት የለ… እንዲህ ተስፋ የቆረጠ ባል ያን ወረቀት ቢያምን ማን ይፈርድበታል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። የያዘውን ሥራ ሁሉ አንድ በአንድ ጨርሶ አስረከበ፤ አዲስ ግን አልቀበልም አለ። የሙሽራ ቀሚስ ልታሰፋ የመጣችን ልጅ «በዚያን ጊዜ ሰርግ የለም፣ ልጄ» ብሎ መለሳት። ባለሱቋ ይህን ስትሰማ ከሳቋ የተነሣ ባንኮኒዋን ተደገፈች። «ጋሼ፣ ጌታስ በቀኑ ይመጣ ይሆናል፤ እርስዎ ልብሱን የሚያደርሱ ይመስልዎታል?» አለችው።

እሱም በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀጠሮው ሊቀድም ቆረጠ። ለራሱ፣ ለሚስቱና ለልጁ፣ ለሦስቱም ጌታን የሚቀበሉበት ነጭ ልብስ ይሰፋ ገባ። ነጭ ጨርቅ ቤቱን ሞላው፤ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉ ላይ ተኛ፣ ከመጋረጃው ጋር ተሰቀለ፣ በመስኮቱ በሚገባው ንፋስ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የከሰዓት ብርሃን ሲያርፍበት ክፍሉ ግድግዳ የሌለው ይመስላል። እናትየው አልጋዋ ላይ ሆና በግማሽ ዓይኗ ታየዋለች። መድኃኒቱ ያንሳፍፋታል፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ይርቅና የዝናብ ድምፅ ይሆንባታል። በጨርቆቹ መሐል ልጇ ስትሄድ ታያለች፤ አንዴ በሰባት ዓመቷ፣ አንዴ በሃያ። እጇን ትዘረጋለች። የምትይዘው ጨርቅ ነው።

«መጥታ ነበር» ትለዋለች ስትነቃ።

«ማን?»

«ልጃችን ናታ። እባክህ ጥራልኝ።»

«ቀሚሷን ልጨርስላትና… ደግሞስ ምን አስቸኮለሽ? የዚያን ቀን ሁላችንም አንድ ላይ አይደለን?»

ቀሚሱን የቆረጠው ከአሮጌ የልኬት ደብተሩ ላይ ነበር፤ ልጅቷ ከቤት ሳትወጣ በለካት ልክ። እናትየው ጨርቁን በጣቷ ስንዝር ለክታ ደከም ያለ ሳቅ ሳቀች። «አምስት ዓመት ሙሉ ወገቧ እዚያው ቆሞ የጠበቀህ መሰለህ?» አለችው። እሱ ጠመኔውን ፈለገ፣ መቀሱን ፈለገ። እውነቱን ልቡ ያውቀዋል። ጌታ ከመጣ፣ አባት ልጁ ፊት ቆሞ «ይቅር በይኝ» ማለት አይኖርበትም። እሱ መቶ ቀን የቆጠረው ሞትን ሊያመልጥ ብቻ አልነበረም፤ ከዚያች አንዲት ቃል ሊያመልጥም ነበር!

ቀኑ ደረሰ። ማኅበርተኛው ሁሉ ከተማው ዳር ባለው ሜዳ ላይ በጠዋት ተሰበሰበ። ልብስ ሰፊው ሚስቱን ነጭ አልብሶ፣ በወንበር አሸክሞ ወሰዳት። ሣሩ ጤዛ ያዘለ ነበር፤ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። ረፋዱ ሄደ። ቀትር ሆነ፤ ዓይኖች ሁሉ ሰማይ ላይ ተተከሉ። አንዲት ደመና ስታልፍ ሕዝቡ ትንፋሹን ዋጠ… ደመናዋ አለፈች። ሕፃናት ውሃ ጠየቁ፣ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ጥላቸው ረዘመ። ፀሐይ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ስትጠልቅ ሰባኪው ወረቀቱን አጣጥፎ፣ «ስሌቱ ላይ ጥቂት ስህተት ሳይኖር አይቀርም» አለ። ሰዎቹ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ተበተኑ።

ቤት ሲገቡ ልብስ ሰፊው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «አልመጣም… ቀረ!»

«አልቀረም» አለችው ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ቀኑን ለራሱ ተውለት እንጂ። እኔ ዛሬም ጠብቄዋለሁ፣ ሲነጋም እጠብቀዋለሁ። ግን መጥቶ ‹ልጅሽስ የታለች?› ቢለኝ ምን እመልሳለሁ? ‹አባቷ ቀሚሷን እስኪጨርስ ነው› ልበለው?»

ሰውየው ተነሣ። አራቱን እርምጃ ተራመደ። መሳቢያውን ሳበ፣ ወረቀቷን አወጣና ደወለ። ስልኩ ተነሣ። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም።

«አባዬ?» አለ ስልኩ።

«እንዴት… እንዴት አወቅሽ?»

«የማላውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር አራት ዓመት ሙሉ አባዬ ነው የምለው።»

«እናትሽ ታማለች…» ከዚያ በላይ አልቻለም፤ ስልኩን ለእናትየው ሰጣት። እናት ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ ዓይኗን ጨፍና እንባዋን ወደ ትራሷ አፈሰሰች። «እማዬ፣ ልጅ አለችኝ እኮ፤ አራት ዓመቷ ነው። በጠዋቱ አውቶቡስ እንሳፈራለን፤ አመሻሽ ላይ እንደርሳለን። እማዬ፣ ትሰሚኛለሽ?» ራሷን ነቀነቀች፤ በስልክ የሚታይ ይመስል።

በማግስቱ ጠዋት ፀጉሯን አስበጠረች። አልጋዋን ወደ በሩ አስዞረች። «እንዳትዘጋው» አለች። ባልየው እጇን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። የመንገዱን ኮቴ ሁሉ ስታዳምጥ ዋለች፤ አንዱ ሲቀርብ ፊቷ ይበራል፣ ሲያልፍ ደግሞ ትረጋጋለች። ከሰዓቱ ሲጋመስ፣ «ና ብትለኝ ዝግጁ ነኝ… ጥቂት ብታቆየኝ ግን» አለች። ለማን እንደምትናገር ባልየው አልጠየቀም። ከዚያ በኋላ ኮቴዎቹ ቀጠሉ፤ የምታዳምጣቸው ግን አልነበረችም።

ልጅቷ ልጇን አዝላ በዚያ በር ስትገባ ባለሱቋና ጎረቤቶች ሲያለቅሱ አገኘች። ሁለት ሰዓት! እናቷ በሁለት ሰዓት ቀደመቻት! መቶ ቀን ሙሉ አውቶቡሱ በየጠዋቱ ሲነሣ አልነበረም? አባትየው በጉልበቱ ወድቆ እግሯን ያዘ። «ይቅር በይኝ ልጄ… ይቅር በይኝ…» እሷ ግን አልፋው ሄደች። ከእናቷ ጎን ተኝታ፣ «መጣሁ እኮ እማዬ፣ ተነሽ እንጂ» እያለች የቀዘቀዘውን እጅ በትንፋሿ ታሞቅ ነበር። ምነው ይህን ከማየት ዓይን ቢታወር!

ከቀብሩ በኋላ ሰባት ቀን አንድ ቃል አላናገረችውም። ልጇን ታበላለች፣ ለመጣው ሰው ትነሣለች፣ ከአባቷ ጋር ዓይኗ ሲገጥም ፊቷን ታዞራለች። እሱም አልለመናትም። በየማለዳው ተነሥቶ በሯ ላይ ይቆምና፣ «ልጄ፣ በድዬሻለሁ» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ቃል አይጨምርም።

በስምንተኛው ቀን ቀትር ሲቃረብ፣ ፀሐይዋ ደጃፉ ላይ ስታርፍ፣ ሁለት የማኅበሩ ሰዎች ፊታቸው በርቶ መጡ። «ወንድማችን፣ ስህተቱ ተገኘ! ትክክለኛው ቀን…»

ልብስ ሰፊው እጁን አነሣ። «እባካችሁ ቀኑን አትንገሩኝ።»

«እንዴ! ጌታን አትጠብቅም?»

«እጠብቀዋለሁ። በሙሉ ልቤ እጠብቀዋለሁ። እኔን ግን አታውቁኝም፤ ቀን ከተነገረኝ እስከዚያው ድረስ እቀመጣለሁ። ተቀምጬ ምን እንዳጣሁ ይኸው አያችሁ። በፈለገው ሰዓት ይምጣ። ሲመጣ ልጄ በር ላይ ቆሜ ይቅርታ ስጠይቅ ያግኘኝ።»

ሰዎቹ ተያዩና ሄዱ። ሰው የራሱን ሰዓት እንኳ አያውቅም፤ የፈጣሪውን ሊያውቅ ሲታገል ዕድሜው በእጁ መሐል ያልቃል። ያቺ ደካማ ሴት ይህን የተረዳችው በየትኛው ስሌት ነው? ሁሉን አዘጋጅታ ሄደች፤ የቀራት አንድ ነገር ቢኖር በሌላ ሰው እጅ የነበረው ነው።

ሰውየው ዞር ሲል መጋረጃው ተገልጧል። ልጁ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች፤ ፊቷ ረጥቧል። ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ሽበቱን፣ የጎበጠ ትከሻውን፣ መርፌ የወጋጋውን ጣቱን።

«አባዬ» አለች። «ምሳ ቀርቧል። ና፣ ከኛ ጋር ብላ።»